የማክሰኞ ቦኖ

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ፎቶ አለን አይደል እንዴ? ያለፈውን አውጪና አስገቢው" አለኝ። ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሽፋን የሚሆን፣ ውኃ የሚወርድበት ቦኖ ፎቶ ነበር የሚፈለገው። ያለፈውን ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም። በሁሉም ሽፋን ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ደቅና እየሳቀች ውኃ ትቀዳለች። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ የት እንደተነሳችም የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሪፖርቱ በታተመ ቁጥር ትስቃለች፤ ጀሪካኗ ግን እስካሁን አልሞላም። "እሺ" አልኩና ወጣሁ። እሺ ማለት ለምዶብኛል፤ ቢሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው እሱን ነው መሰለኝ። ደረጃውን ወርጄ ወደ ካፌው መታጠፍ ሲገባኝ እግሬ ወደ ታች፣ ወደ ድሮ ሰፈሬ ወሰደኝ። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ቀዝቅዛለች። የኩበት ጭስ ከየግቢው እየወጣ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እትዬ አስካለ አጥር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከቤቱ ክዳን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ አንድ ጥቁር ገመድ ተወጥሯል፤ ላዩ ላይ ጋቢ፣ አንሶላና የልጅ ካልሲ ተሰጥቶበታል። ጠጋ ብዬ ሳየው ገመድ አልነበረም። የእኛ የቴሌቪዥን ኬብል ነበር።

ሰዎች "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ምን ትዝታ አለሽ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፀጉሬ አልሸበተም። ነገር ግን ሻይ በሁለት ብር የተጠጣበትን፣ የአሥር ብር የሞባይል ካርድ ተዋጥተን የገዛንበትን ጊዜ ሳነሳ፣ አዲሶቹ የቢሮ ልጆች የነገሥታት ታሪክ የማወራ ይመስል አፍጥጠው ያዩኛል። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እጠብቅ ነበር። የተወለድኩት ጎረቤላ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዲግሪዬን ይዤ፣ ያለ ሥራ እሳቸው ቤት መመለስ ስላሳፈረኝ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እዞራለሁ። ከዚያ በሕይወቴ ከሁሉ የምወደው ማዕዘን ላይ፣ ሙሉጌታ ሱቅ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሙሉጌታ ቴሌቪዥንና ዲሽ ይጠግናል። ሱቋ የቀበሌ ቤት ስትሆን ፊት ለፊቷ የሰፈሩ ቦኖ አለ። በግራ በኩል ያለው ሙዚቃ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ የጋሪ ፈረሶቹ ሳይቀሩ በምቱ የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር። በቀኝ በኩል ብርድ ልብስ ሻጮቹ ግራጫውንና ቡናማውን አጥፈው ይከምሩታል። እናቴ የሠራችልኝን ቀይ የሱፍ ሹራብ ክረምት ከበጋ እለብስ ነበር። እጅጌው ስለሚረዝም ጣቶቼን ውስጡ ደብቄ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት አያለሁ። ሙሉጌታ ይህን ነገሬን ይወደው ነበር፤ እሱም ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር ማውራት ይቀለው ነበርና።

ሦስተኛችን ሀብታሙ ነው። ሀብታሙ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር፤ ካሜራዋ ጠፍታ እንኳ ሙሽራውን "ሳቅ በል፣ ወንድሜ፤ ነገ ታለቅሳለህ" እያለ የሚያስቅ። በብርዱ ላይ ክራባት ያስራል፤ ክራባቱ ላይ ጋቢ ይደርባል። የሰፈራችንን ቴሌቪዥን ሐሳብ የፀነሰው እሱ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደምሴ ተነስተው፣ "በዚህ ሰፈር በሳምንት ሦስት ቀን ውኃ ይወጣል" አሉ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ። "የቱ ሰፈር ነው ጋሽ ደምሴ? እኛም ቤት እንከራይበት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ደምሴም ሳቁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሦስት ቀን ተብሎ ተጻፈ። ከስብሰባው ስንመለስ ሀብታሙ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ቦኖውን አተኩሮ አየው።

"ይህን ሰውዬ በንግግር አንችለውም፤ እናሳየው እንጂ" አለ።

"ምኑን?" አለ ሙሉጌታ፣ ሽቦ የሚበይድበትን ካዊያ ሳያስቀምጥ።

"ቦኖውን። እንዳለ። ከጠዋት እስከ ማታ።"

ሙሉጌታ ከአሮጌ የቪዲዮ ዴክ ምስሉን ወደ ቻናል የምትቀይረውን ትንሽ ሣጥን ፈታ። የሀብታሙን የሠርግ ካሜራ መስኮቱ ላይ አቁሞ፣ ከካሜራው ወደ ሣጥኗ፣ ከሣጥኗ ወደ ኬብል አገናኘ። ኬብሉ በአጥር ላይ፣ በክዳን ሥር፣ በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። እትዬ አስካለ ባዶ የነበረውን ቻናል ሲከፍቱ የራሳቸው ሰፈር ቦኖ፣ ደርቆ፣ ዝም ብሎ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ቆሞ ታያቸው። "ወይ ጉድ! ይኼ እኮ ከደጅ ይልቅ እዚህ ያምራል" አሉ። "ቦኖ ቴሌቪዥን" ያልነው እኛ አይደለንም፤ ሰው ነው ያለው። ሌላው ዓለም ስለሚያየው ነገር አናውቅም ነበር፤ የእኛ ሰፈር ግን ቀኑን ሙሉ የደረቀ ቦኖ ያይ ነበር። የሚያሾፍ ሰው ይኖራል። ሴቶቹ ግን ወዲያው ገባቸው። ከእንግዲህ በብርድ ላይ ጀሪካን አሰልፎ መቆም ቀረ። ቴሌቪዥን ያለው ቤቱ ተቀምጦ፣ የሌለው ጎረቤት ገብቶ፣ ጀሪካኑን ጉልበቱ ሥር አድርጎ ሥራውን እየሠራ ያያል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትታይ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ በሩን በርግዶ ይወጣል። ያንን ሩጫ መስኮት ላይ ሆኜ ሳየው የነበረውን ደስታ ዛሬ የትኛውም ሪፖርት አይሰጠኝም።

ቦኖው ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ ሀብታሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግራጫ ብርድ ልብስ ተደግፎ ዜና ያነባል። ብርድ ልብሱ ማስተጋባቱን ይቀንስልናል፤ ሰውዬውንም ያሞቀዋል። መንገዱ መሐል ለነበረው ትልቅ ጉድጓድ ልደት አክብረንለታል፤ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ሻማ በርቶ፣ ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ፣ "እደግ፤ እኛ ሳንሞት አንተ አትደፈንም" ብሎ መርቆታል። ዜናውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊቴን ለማሳየት ግን ብገደል አልፈቅድም ነበር። ስለዚህ በካርቶን ጀርባ ላይ በትልቁ እጽፍና ካሜራው ፊት አስቀምጣለሁ፤ የሚታየው ቀይ እጅጌና እጄ ብቻ ነው። በመንገድ ሳልፍ ልጆች "እጅየዋ! እጅየዋ!" ይሉኝ ጀመር። አፍሬ እጄን እጅጌዬ ውስጥ እከታለሁ፤ እነሱም የበለጠ ይስቃሉ። ጋሽ ደምሴ በስብሰባ ላይ "ያ ገመድ ሕገ ወጥ ነው" ብለው ይዝቱብናል። ባለቤታቸው ግን አንድ ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው ሱቁ መጡና ሙሉጌታን ወደ ጥግ ወስደው፣ "ልጄ፣ እኔም እኮ ውኃ እቀዳለሁ። በጓሮ በኩል አስገባልኝ፤ ሰውዬው እንዳያይ" አሉት። ሙሉጌታ አስገባላቸው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ማታ ማታ በራሳቸው ሳሎን በራሳቸው ላይ የሚቀለደውን እንደሚያዩ ያወቅነው በኋላ ነው።

እንዲህ ሲባል ከውጭ ለሚሰማው ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን እየደከመን ነበር። ካሜራዋ አንድ ናት፤ የሀብታሙ እንጀራም እሷው ናት። የሠርግ ወራት ሲገባ ቦኖውና ሙሽሮቹ ይሻሟታል። አንድ እሑድ ሀብታሙ ሰላ ድንጋይ ከተማ ትልቅ ሠርግ ያዘ፤ መብራት የሚይዝለት ሙሉጌታ ነው። ካሜራዋ ከሄደች ቦኖው አይታይም፤ ካልታየ ደግሞ ጋሽ ደምሴ "ዘጋናቸው" ብለው ያወራሉ። ሁለቱ መከሩና መፍትሔ አገኙ። ማክሰኞ የተቀዳ ነገር ነበራቸው፤ ቦኖው እንደ ልማዱ ደርቆ የዋለበት። እሱን በፍላሽ አድርገው ማጫወቻው ላይ ሰኩት፤ ሲያልቅ ራሱ እንደገና ይጀምራል። "እሑድ ውኃ መጥቶ ያውቃል?" አለ ሀብታሙ። አያውቅም። "የደረቀ ቦኖ ማክሰኞም እሑድም ያው ነው" አለ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ እንደማልስማማ ያውቃሉ። ሱቁን ቆልፈው፣ መስኮቱ ላይ ወደ መንገድ የዞረውን ቴሌቪዥን እንደበራ ትተው ሄዱ።

በዚያ እሑድ እትዬ አስካለ ቤት ነበርኩ። በዚያው ሳምንት የማርያም ማኅበር ተራቸው ነበር። የጠላው ድፍድፍ ደርሶ ውኃ ብቻ ይጠብቃል፤ ዛሬ ካልተሞላ ለማኅበሩ አይደርስም። ከጠዋት ጀምሮ ጀሪካኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። እትዬ አስካለ ምስር እየለቀሙ፣ ጎረቤታችን ዘነበች ልጇን እያጠባች፣ እኔ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ፣ ሁላችንም ቴሌቪዥኑን እናያለን። ቦኖው ደርቋል። አንድ ነጭ ውሻ ከግራ መጥቶ፣ የቦኖውን እግር አሽትቶ፣ አከክ አከክ አድርጎ በቀኝ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና በግራ መጣ።

"ይኼ ውሻ ዛሬ ምን ሆኗል? አላረፈም እኮ" አሉ እትዬ አስካለ።

"ሥራ አግኝቶ ይሆናላ" አለች ዘነበች፣ እኔን በጎን እያየች። "ከተመረቁት ቀድሞ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መስኮቱን አየሁ። ደጁ በጉም ተሸፍኖ የአጥሩ በር እንኳ በደንብ አይታይም።

"እትዬ" አልኩ፣ "እዚያ ፀሐይ ነው፤ እዚህ ግን ጉም ነው።"

እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። "ለቦኖው ወጥታለታለች ማለት ነው" አሉ። "መቼም እኛ ጋ ምን በጊዜው ይደርሳል!"

ቦኖው ከቤታቸው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ግን ብርድ ነበር፤ ምስሩም አላለቀም፤ ቴሌቪዥናችንም እስከዚያ ቀን ዋሽቶን አያውቅም። ማንም አልተነሳም። ውሻው እንደገና ሲመጣ በሩ ተንኳኳና የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ። ጋሽ ወልዴ ቴሌቪዥን የላቸውም። ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ጀሪካን ይንጠባጠባል።

"ምነው ዛሬ ሰው ጠፋ?" አሉ። "ብቻዬን ስቀዳ ፈራሁ እኮ። ሰው ያለቀ መሰለኝ።"

"ምን ቀዳህ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ውኃ ነዋ!"

"ውኃማ አልመጣም፤ ይኸው እያየን አይደል።"

"እትዬ፣ ጀሪካኑን እዪው።"

"አንተ ቴሌቪዥኑን እየው!"

ጋሽ ወልዴ ቴሌቪዥኑን አዩ። ቀጥለው የሚንጠባጠበውን ጀሪካናቸውን አዩና፣ ለአፍታ ያህል፣ የራሳቸውን ውኃ ተጠራጠሩ። ከዚያ ሁላችንም ብድግ አልን። ስንሮጥ ሌሎች በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ፤ ወሬው በአጥር ላይ ቀድሞን ነበር። ቦኖው ጋ ስንደርስ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ውኃው ስንት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይቀዳው ወደ ቦዩ እንደወረደ እንጃ። ከአፍንጫው የምትወርደው ክር ቀጥና ቀጥና እዚያው ዓይናችን እያየ ቆመች። እትዬ አስካለ ደቅነውት የነበረው ጀሪካን ታቹ ብቻ ረጠበ። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ሱቁ መስኮት ዞረ፤ ሁላችንም ዞርን። መስታወቱ ውስጥ ፀሐይ ናት። መሬቱ ደረቅ ነው። ነጩ ውሻ በግራ መጣ፣ አሸተተ፣ አከከ። እውነተኛው ውሻ ደግሞ በጉሙ በስብሶ ከሱቁ ክዳን ሥር ተቀምጦ፣ እንደ እኛው መስታወቱን ያያል።

የጮኸ ሰው የለም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ዘነበች ብቻ ቀስ ብላ፣ "እጅየዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። እትዬ አስካለ ለማንም ሳይሆን፣ "ድፍድፉ ይበላሻል" አሉና ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ሀብታሙ ሠርጉ ላይ ሲያስጨፍር አድሮ ድምፁ ተዘግቷል፤ እየጮኸ መቆጣት ቢፈልግም የሚወጣው ፉጨት ነው። በዚህ መሐል ጋሽ ደምሴ ገቡ። ተቆጥተው ይመጣሉ ብለን ስንጠብቅ ፊታቸው እንደ በዓል በርቷል። በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ።

"እንኳን ደስ አላችሁ" አሉ።

"ለምኑ?" አለ ሙሉጌታ።

"መሥሪያ ቤት ሆናችኋላ! ከዛሬ ጀምሮ እናንተም እንደኛው ናችሁ።" ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። "አሁን ስሙኝ። ሰው ይሳሳታል። ዛሬ ማታ 'ኬብሉ ተበላሽቶ ነው' በሉ። ቀበሌው በእረፍት ቀን እንኳ ውኃ እንዳወጣ አመስግኑ። ሱቁም ሱቅ ሆኖ ይቀጥላል።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ልጅ፣ ጽሑፍሽን አይቼዋለሁ። ፊደልሽ ያምራል። ሕዝብ ግንኙነት ላይ ሰው እንፈልጋለን። እስከ መቼ እጅ ብቻ ሆነሽ ትኖሪያለሽ?"

ሲወጡ ማንም ማንንም አላየም። ሱቋ ከተወሰደች ሙሉጌታ ሌላ የሚገባበት የለውም። እኔ ደግሞ አባቴ ሲደውሉ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብለው ከጠየቁ በኋላ የሚያሳልፏትን ዝምታ አሰብኩ። አባቴ አንድም ቀን "ሥራ" የምትለዋን ቃል አንስተውብኝ አያውቁም፤ እንዳያሳፍሩኝ። ያችን ዝምታ ለማስቆም "ገባሁ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

"ኬብል ነው እንበል" አለ ሀብታሙ በሹክሹክታ። "ማን ያውቃል?"

"ኬብሌ ምን አደረገህ?" አለ ሙሉጌታ።

"ለስሙ ነዋ!"

"ኬብሉ ደህና ነው። እዚህ ሰፈር ደህና የሆነው እሱ ብቻ ነው።"

"ሱቁን ይወስዱታል እኮ፣ ሙሌ።"

"ይውሰዱታ።" ካዊያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠ። "ኬብሉ ግን አልተበላሸም።"

ሀብታሙ ድምፅ የለውም። ሙሉጌታ አንድ ጊዜ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከካሜራው ጀርባ የላላውን ሽቦ ሲያይ ጨርሷል። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ካርቶን ላይ ልጽፈው እችል ነበር። ነገር ግን ጭቃው ላይ ቆሜ ያዩኝ ሰዎች ያዩት ፊቴን ነው፤ በእጄ ብቻ መመለስ ነውር መሰለኝ። ብርድ ልብሱ ፊት ተቀመጥኩ። ቀይዋ መብራት በራች። በኋላ እንደሰማሁት፣ እትዬ አስካለ ቤት ውስጥ ዘነበች "ይቺ ደግሞ ማናት? አዲስ ቀጠሩ እንዴ?" አለች አሉ፤ በአንድ ግቢ እየኖርን። ያወቁኝ ፀጉሬን ላስተካክል እጄን ሳነሳ ነው፤ ቀዩ እጅጌ ሲታይ ልጆቹ "እጅየዋ!" ብለው ጮኹ።

"ትናንት ያያችሁት ቦኖ የማክሰኞ ነው" አልኩ። "ኬብሉ ደህና ነው። ውኃ መጥቶ ነበር። የተቀዳ ያሳየናችሁ እኛ ነን። እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ።"

ከዚያ የምለው ጠፋኝ። መነሳትም አፈርኩ። ሙሉጌታ እኔ እስክጨርስ ይጠብቃል፤ እኔ እሱ እስኪያጠፋው እጠብቃለሁ። ሰፈሩም ለምዶበታልና አልዘጋውም፤ እንደ ቦኖው ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ አንድ ነገር ይወጣት ይሆናል ብሎ ያየኛል። መብራት ጠፍቶ ገላገለኝ።

ሱቁ በዚያው ሳምንት ታሸገ። ኬብሉን ከመንገድ ዳር ቆርጠው ጣሉት፤ በየግቢው ውስጥ የቀረውን ግን ማንም አልነካውም። እትዬ አስካለ በጋሪ ትንሽ ውኃ አስመጥተው ድፍድፉን ሞሉት። ውኃው ስላነሰው ጠላው ከረረ። የማርያም ማኅበርተኞች እንደዚያ ቀን ሲስቁ ተሰምተው አያውቁም፤ አንደኛዋ ነጠላዋን ረስታ ሄዳለች። ማኅበሩ ሲበተን እትዬ አስካለ አንድ ጣሳ ጠላና ዳቦ ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ተነስቼ ተቀበልኩ። "ዳቦው የዛሬ ነው?" አልኩ፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ እንጂ ቀልዴን አልነበረም። እትዬ አስካለ አየት አደረጉኝና፣ "ምነው፣ የማክሰኞ ትፈልጊያለሽ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አባባሉ በሰፈሩ ቀረ። አንድ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ባለሥልጣን ተስፋ ሲሰጥ፣ ባል ማምሸቱን ሲያስረዳ፣ "የዛሬ ነው የማክሰኞ?" ይባላል። ከቴሌቪዥናችን የተረፈው እሱና ልብስ ማስጫው ነው።

ሙሉጌታ ደነባ ከተማ ገባ፤ ዲሽ ይተክላል፣ ሶላር ያስገባል፤ በበዓል ይደውልና ስለ ሽቦ አውርቶ ይዘጋል። ሀብታሙ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ለቴሌቪዥን ኬብል አያስፈልግም፤ ስልኩን ከፊቱ አቁሞ ይጮሃል፤ የሚያዩት ሰዎች ከደብረ ብርሃን ሕዝብ ሳይበዙ አይቀሩም። አንዳንዴ ደክሞኝ ስተኛ እከፍተዋለሁ። ክራባቱ አሁን ውድ ነው፤ ጋቢው የለም። ከጀርባው የሚሳቀው ሳቅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የተቀዳ ይመስለኛል። እኔስ? ያኔ እንቢ ያልኩትን ዓይነት ወንበር ከዓመታት በኋላ በማስታወቂያ ተወዳድሬ ገባሁበት። ቀበሌ አይደለም፤ ወንበሩ ግን ያው ነው። አባቴ ስነግራቸው "ተመስገን" አሉ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ሪፖርት አወጣለሁ፣ ቀኑን እቀይራለሁ፣ ሴትየዋ ትስቃለች። ማንም አይዋሽም። ያለፈው ይወጣል፤ ይገባል።

ይህን እያሰብኩ አጥሩ ጋ ቆሜ ሳለ እትዬ አስካለ ከቤት ወጡ። አርጅተዋል። ጋቢውን ከኬብሉ ላይ አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል ሲያደርጉ አዩኝ።

"ሰናይት ነሽ? ምን እግር ጣለሽ!"

"ሥራ ነው፣ እትዬ" አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ የሪፖርቱን ነገር ነገርኳቸው፤ ስልኬን አውጥቼ የምትስቀውን ሴት አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

"የት ሰፈር ናት? ደስ ብሏታል።"

"አላውቅም።"

"መቼ ነው?"

እሱንም አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ስልኩን መለሱልኝ። አልሳቁም፤ አልተቆጡም። "የማክሰኞ ናት በያ" አሉ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱ። "ነዪ፣ እስኪ የዛሬውን ልይልሽ።"

ቦኖው እዚያው ነው። የሙሉጌታ ሱቅ አሁን የሞባይል ዕቃ ይሸጥባታል፤ መስኮቷ ላይ ትንንሽ መብራቶች ይበራሉ። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው የሉም፤ ጀሪካን ጀሪካንን ይጠብቃል። እትዬ አስካለ አፍንጫውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት፤ ከፈቱት፤ ምንም አልወጣም። ስልኬን አነሳሁ።

"እንዲህማ ማን ያምንሻል?" አሉ። "የደረቀ ቦኖ የማክሰኞም የዛሬም ያው ነው። እጅሽን አስገቢበት።"

ቀይ ሹራቡ ከጠፋ ቆይቷል፤ የለበስኩት የቢሮ ኮት ነበር። እጄን ከእጅጌዬ አወጣሁና ከቦኖው ሥር መዳፌን ወደ ላይ ዘረጋሁ። በሌላው እጄ ፎቶውን አነሳሁ። ትንሽ ተንቀሳቅሷል። "ለሽፋን" ብዬ ወደ ቢሮ ላክሁት። ወዲያው አለቃዬ ደወለ። ስልኩ እጄ ላይ እየጮኸ እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው መዳፌን አዩት፤ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ደረቅ ነበር።

"አዎ" አሉ። "ይኼ የዛሬ ነው።"